ክሮሜ ሳላዘው ሰርች ኢንጅን ቀየረብኝ፦ ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና፣ ከአለም ከተማ፣ ከአንኮበር፣ እና ዞረው ዞረው ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ብሮውዘራችን ላይ የሆነ ነገር ጽፈን ኢንተር ስንል ጥያቄያችንን ማን ነው የሚቀበለው የሚለው ላይ። ብሮውዘርና ሰርች ኢንጅን አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ እሷን ብቻ አስቀድሜ ልበል። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ኦፔራ ሚኒ ብሮውዘር ናቸው፣ ኢንተርኔት የምናይባቸው አፖች ማለት ነው፤ ጎግል፣ ቢንግ፣ ያሁ፣ ዳክዳክጎ ደግሞ ሰርች ኢንጅን ናቸው፣ የጻፍነውን ተቀብለው የሚፈልጉልን። ክሮም ውስጥ ሆኖ በቢንግ መፈለግ ይቻላል፣ ኤጅ ውስጥ ሆኖ በጎግል መፈለግም ይቻላል። ማን ይፈልግልኝ የሚለውን መወሰን የናንተ ነው፣ እናንተ ካልወሰናችሁ ግን ሌላ ሰው ይወስንላችኋል፣ ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት የምሰራበት ቤት አለኝ፣ ተማሪዎችም እዛው ኮምፒውተር ላይ አሳይመንት ይሰራሉ። ከሆነ ጊዜ ወዲህ ክሮም ላይ ስጽፍ ጎግል መምጣቱ ቀርቶ ስሙን የማላውቀው ገጽ ይመጣል፣ ከላይ እስከታች ማስታወቂያ ነው። ሴቲንግ ገብቼ ወደ ጎግል እመልሰዋለሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ግን ያው ነው። አንድ ልጅ ፎርማት ካልተደረገ አይለቅም አለኝ፣ ፎርማት ካረኩት ደግሞ የደንበኞች ፋይል አለ፣ ፎንት አለ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር አለ፣ ሌላ መፍትሄ የለውም?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተወው። ሴቲንግ ገብተህ ወደ ጎግል ስትመልሰው የምታስተካክለው የተበላሸውን ነው እንጂ ያበላሸውን አልነካኸውም፣ እሱ እዛው ቁጭ ብሎ ክሮም በተከፈተ ቁጥር እንደገና ይቀይርብሃል። ስለዚ መጀመሪያ የሚቀይረውን መያዝ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኤክስቴንሽን ነው፣ ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። እንዳንተ ያለ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ተማሪው ፒዲኤፉን ወደ ወርድ መቀየር ይፈልጋል፣ ነጻ መቀየሪያ ብሎ ሰርች ያረጋል፣ የሆነ ገጽ ይከፈትና ትልቅ ቁልፍ ያሳየዋል፣ ይጫነዋል፣ አድ ኤክስቴንሽን የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል፣ እሱንም ሳያነብ ይጫነዋል። እዛች ሳጥን ላይ እኮ ክሮም ራሱ ይሄ ነገር የሰርች ሴቲንግህን ይቀይራል ብሎ ይጽፋል፣ ግን አሳይመንት ሊያስረክብ ጥቂት ደቂቃ የቀረው ልጅ ያንን ቁጭ ብሎ አያነብም፣ አይፈረድበትም። እነዚህ ነገሮች የሚሰሩት ለገንዘብ ነው፣ ያንተን ፍለጋ በነሱ ገጽ አሳልፈው ማስታወቂያ ይደረድሩበታል፣ ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር ይከፈላቸዋል፣ አንዳንዶቹም የምትጽፈውን መዝግበው ይይዛሉ።

አሁን እንዲህ አርግ። ክሮምን ክፈትና ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነህ ሴቲንግስ ግባ፣ በግራ በኩል ሰርች ኢንጅን የሚለውን ስትነካ አድሬስ ባሩ፣ ከላይ የምትጽፍበት ረጅሙ ሳጥን ማለት ነው፣ የሚጠቀመው የቱን እንደሆነ ታያለህ። እዛ ጋ ይሄን ሴቲንግ የሚቆጣጠረው እንዲህ የሚባል ኤክስቴንሽን ነው የሚል ጽሑፍና ዲሴብል የሚል ቁልፍ ካሳየህ ሌባውን በስሙ አገኘኸው ማለት ነው። ዲሴብል ብለህ ብቻ እንዳትተወው ግን፣ ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ኤክስቴንሽንስ፣ ከዛ ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ ግባና ሪሙቭ በለው፣ እዛው እያለህም ሌሎቹን አንድ በአንድ እያቸው፣ አንተ ያላስገባኸውንና ምን እንደሚሰራ የማታውቀውን ሁሉ አውጣ። ስማቸው ሲያዩት ጨዋ ነው፣ ኩፖን፣ የአየር ሁኔታ፣ ካርታ፣ ፒዲኤፍ፣ ኒው ታብ ምናምን ነው የሚሉት።

ከዛ ወደ ሰርች ኢንጅን ተመለስና ማኔጅ ሰርች ኢንጅንስ ኤንድ ሳይት ሰርች የሚለውን ክፈት፣ ዝርዝር ይመጣልሃል። ጎግል ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተህ ሜክ ዲፎልት በለው፣ ዲፎልት ማለት ሌላ ካልመረጥክ ክሮም በራሱ የሚጠቀመው ማለት ነው፣ ቀጥለህ ያንን የማታውቀውን ስም ዲሊት አርገው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው፣ ምክንያቱም ክሮም በዛ ሰዓት ዲፎልት የሆነውን ሰርች ኢንጅን አያስጠፋህም፣ ብዙ ሰው ዲሊት የሚለው አልነካ ሲለው ቫይረስ ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ክሮም ግን መጀመሪያ ሌላ ዲፎልት አርግ ነው የሚልህ።

ይሄም ሆኖ ከተመለሰ የሚደበቅባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ሴቲንግስ ውስጥ ኦን ስታርታፕ የሚለው ላይ የማታውቀው አድራሻ ተጽፎ እንደሆነ እይ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ምልክት በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ በልና ታርጌት የሚለውን ሳጥን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ክሮም ዶት ኢኤክስኢ ካለ በኋላ የሆነ የዌብ አድራሻ ተቀጥሎበት ከሆነ እሷን ብቻ አጥፋ። ዊንዶውስ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች በቀን ደርድራቸውና ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባ የማታውቀው ነገር ካለ አንኢንስቶል አርግ። ደግሞ ክሮም ላይ ሦስቱ ነጥቦች ሲከፈቱ ከታች ይሄ ብሮውዘር በድርጅትህ ነው የሚተዳደረው የሚል ጽሑፍ ካየህ ልብ በል፣ የዩኒቨርሲቲ ወይ የመስሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሄ የተለመደ ነው፣ ያንተ የግል ኮምፒውተር ላይ ግን አንተ ያላስገባኸው ፖሊሲ ገብቷል ማለት ነው፣ አንዳንድ ጊዜ አንቲ ቫይረስ ያመጣዋል፣ እሱ ካልሆነ ግን ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ሙሉ ስካን አርግበት።

የመጨረሻው ሪሴት ሴቲንግስ ነው። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ይፈራዋል፣ አትፍራው፣ ሰርች ኢንጅኑን፣ ስታርታፑንና ኒው ታቡን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፣ ኤክስቴንሽኖችን በሙሉ ዲሴብል ያረጋል፣ ኩኪ የሚባሉትን ድረ ገጾች አንተን ለማስታወስ ያስቀመጧቸውን ትንንሽ ፋይሎች ይሰርዛል፣ ስለዚ እንደገና ሎግኢን ማረግ ይኖርብሃል፣ ቡክማርክህ፣ ሂስትሪህና ሴቭ ያደረካቸው ፓስወርዶች ግን አይጠፉም፣ ፋይልና ፎንት ጋ ጭራሽ አይደርስም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገርህ፣ ላንተ ቤት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ተማሪዎቹን በጌስት አስጠቅማቸው፣ ከላይ በቀኝ ያለውን የፕሮፋይል ክብ ምልክት ስትነካ ጌስት የሚል አለ። ጌስት ውስጥ ኤክስቴንሽን የለም፣ መስኮቱ ሲዘጋ ሂስትሪውም ሎግኢኑም አብሮ ይጠፋል። ልጆቹም የጂሜይል አካውንታቸውን አንተ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ረስተው አይሄዱም፣ አካውንቱን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያመሳስለው ሲንክ በርቶ ያንተ ቆሻሻ ኤክስቴንሽን ወደነሱ አካውንት የነሱም ወዳንተ አይሻገርም። ይሄ ለደንበኞችህ ክብርም ነው፣ አርገው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከሸዋ ሮቢት ነው። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ውጤት ልታይ ስልኳ ላይ ሰርች አርጋ መጀመሪያ የመጣውን ነካችው፣ ስልክ ቁጥር አስገቢ አላት አስገባች፣ ከዛ በሜሴጅ የሚደርስሽን ኮድ ጻፊ ሲላት ደንግጣ ለኔ ሰጠችኝና ዘጋሁት። ሰርች ኢንጅኑን ብንቀይረው ይሻላል?

መልስ፦ ኮዱ ጋ መቆሟ ትልቅ ነገር ነው፣ ንገሪያት፣ ጎበዝ በያት። በሜሴጅ የሚመጣ ኮድ የቴሌግራም፣ የቴሌብር ወይም የባንክ መግቢያ ሊሆን ይችላል፣ ውጤት ለማየት ብሎ እንደዛ ያለ ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

ሰርች ኢንጅን መቀየር ግን ይሄን አይፈታውም። ጎግልም ቢንግም ዳክዳክጎም ከላይ ያለውን ቦታ ለማስታወቂያ ይሸጣሉ፣ ስፖንሰርድ ወይም አድ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ከጎኑ አለ፣ መጀመሪያ መምጣት ማለት ትክክለኛው እሱ ነው ማለት አይደለም። ከዛ ይልቅ የፈተናዎች አገልግሎቱን ትክክለኛ አድራሻ ከትምህርት ቤቷ ወይም ከትምህርት ሚኒስቴር ማስታወቂያ ላይ ወስዳችሁ አንዴ በእጅ ጻፉትና ክሮም ላይ ኮከቧን ነክታችሁ ቡክማርክ አርጉት። ውጤት በሚለቀቅ ቀን ሰው ሁሉ ተጨናንቆ ሲፈልግ እሷ ቡክማርኩን መንካት ብቻ ነው። ገጹ ቢጨናነቅና ባይከፍት እንኳን ሌላ አቋራጭ እንዳትፈልግ ምከሪያት፣ አጭበርባሪዎቹ የሚጠብቁት ያችን ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጆቹ፣ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው፣ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ጥቂት ኮምፒውተሮች አሉ፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ተማሪዎቼ ስለ ጓሳ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ጭላዳ ጽፋችሁ አምጡ ስላቸው ጎግል ላይ ይጽፉና ቪዲዮውና ፎቶው ውስጥ ገብተው ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ቀጥታ ውክፔዲያ ውስጥ ወይም አንድ የተወሰነ ድረ ገጽ ውስጥ ብቻ እንዲፈልጉ ማድረግ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ መምህር፣ ይቻላል፣ እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ሴቲንግ ውስጥ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈውና እጅግ የሚጠቅመው እርስዎ የጠየቁት ነው፣ ስለዚ ረዘም አርጌ ልጻፍልዎት።

አድሬስ ባሩ ላይ አንዲት ፊደል ጽፈው ስፔስ ሲጫኑ ፍለጋው ጎግልን ሳይነካ ቀጥታ እርስዎ የመረጡት ድረ ገጽ ውስጥ እንዲገባ ማረግ ይችላሉ። ክሮም ላይ ሴቲንግስ፣ ሰርች ኢንጅን፣ ማኔጅ ሰርች ኢንጅንስ ኤንድ ሳይት ሰርች ይገባሉ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ሳይት ሰርች የሚል ክፍልና አድ የሚል ቁልፍ አለ። ሲነኩት ሦስት ሳጥን ይመጣል። የመጀመሪያው ስም ነው፣ የፈለጉትን ይጻፉ፣ የአማርኛ ውክፔዲያ ሊሉት ይችላሉ። ሁለተኛው ሾርትከት ነው፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ይበቃል። ሦስተኛው አድራሻው ነው፣ ሰው ሁሉ የሚቸገረው እሱ ጋ ነው።

አድራሻውን በጭንቅላት መያዝ አያስፈልግም፣ ከራሱ ከድረ ገጹ ይወስዱታል። የአማርኛ ውክፔዲያን ይክፈቱና መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ትርጉም የሌለው ነገር በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፣ ዜድ ዜድ ኤክስ ኤክስ በሉት፣ ከዛ ኢንተር። ምንም አላገኘሁም ይልዎታል፣ ይበል፣ እኛ የምንፈልገው ውጤቱን ሳይሆን ከላይ አድሬስ ባሩ ላይ የወጣውን ረጅም አድራሻ ነው። እሱን በሙሉ ኮፒ አርገው ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ፔስት ያርጉና መሀሉ ላይ ያችን ዜድ ዜድ ኤክስ ኤክስ ፈልገው ያጥፏት፣ በእሷ ቦታ የፐርሰንት ምልክትና ትንሿን የእንግሊዝኛ ኤስ አጠጋግተው ይጻፉ፣ መሀላቸው ክፍተት አይኑር። ፐርሰንትና ኤስ ማለት ተማሪው የሚጽፈው ቃል እዚህ ይግባ ማለት ነው። ሴቭ ይበሉ፣ አለቀ።

ለምን በአማርኛ ቃል አልሞክረውም ካሉ፣ አንደኛ አማርኛው ኮፒ ሲደረግ በፐርሰንትና በቁጥር የተሞላ እጅግ ረጅም ነገር ሆኖ ነው የሚወጣው፣ የትኛው ቃልዎ እንደሆነ አይለዩትም። ሁለተኛ በዛ ስም ጽሑፍ ካለ ውክፔዲያ ቀጥታ ጽሑፉን ይከፍትልዎትና የመፈለጊያው አድራሻ ጭራሽ አይታይም።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ለተማሪዎቹ ያሳዩአቸው፣ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ እያለ ያችን ፊደል ጽፈው ስፔስ ወይም ታብ ይጫናሉ፣ ባሩ ላይ እርስዎ ያወጡት ስም ብቅ ይላል፣ ከዛ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይረው ጭላዳ ብለው ኢንተር። በዛው መንገድ ሌላም ይጨምሩ፣ የእንግሊዝኛውን ውክፔዲያ፣ መዝገበ ቃላት፣ መፈለጊያ ሳጥን ያለው ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ይገባል። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፣ ብዙዎቹም አጫጭር ናቸው፣ ስለዚ እዛ ላይ ያላገኙትን በእንግሊዝኛው እንዲያዩ ሁለቱንም አስገቡላቸው። ከዛ ባለፈ ደግሞ ጓሳን ከመንዝ ልጅ በላይ ማን ያውቀዋል፣ ያነበቡትን ከአያቶቻቸው ከሰሙት ጋር አስተያይተው ይጻፉ ቢሏቸው ጥሩ ሥራ ይወጣዋል።

ፋየርፎክስ ከሆነ የሚጠቀሙት ይቀላል፣ ድረ ገጹ ላይ ያለው መፈለጊያ ሳጥን ላይ በቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ሰርች ኢንጅን ጨምር የሚል ይመጣል፣ የፊደሏን አቋራጭ ሴቲንግስ ውስጥ ሰርች የሚለው ጋ ያገኟታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ፣ ስልኬ ላይ ክሮም ውስጥ ገብቼ ሰርች ኢንጅኑን ዳክዳክጎ አድርጌዋለሁ፣ ግን የስልኩ ፊት ለፊት ያለችው ረጅሟ ሳጥን ላይ ስጽፍ አሁንም ጎግል ነው የሚመጣው። አልሰራም ማለት ነው? ደግሞ መጀመሪያውኑ ጎግልን ማን መረጠልኝ?

መልስ፦ ሰርቷል። ፊት ለፊት ያለችው ሳጥን የክሮም አይደለችም፣ የጎግል አፕ ዊጄት ናት፣ አፑን ሳትከፍት ፊት ለፊት የምትጠቀምባት ሳጥን ማለት ነው፣ ክሮም ውስጥ ያደረከው ነገር እሷን አይመለከታትም። ብዙ ስልኮች ላይ ጫን ብለህ ይዘህ ማውጣት ትችላለህ፣ በቦታዋ የምትፈልገውን ብሮውዘር ዊጄት ታስቀምጣለህ፣ ፋየርፎክስም የዳክዳክጎ አፕም የራሳቸው አላቸው። አንዳንድ ስልክ ላይ አትወጣም፣ እንደዛ ከሆነ ዝም ብለህ አትጠቀማት፣ ብሮውዘርህን ከፍተህ ጻፍ።

በነገራችን ላይ ስልክ ላይ ክሮም እንደ ኮምፒውተሩ አድራሻ በእጅ አያስገባም፣ የምትፈልገው ሰርች ኢንጅን ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ድረ ገጹን ከፍተህ አንዴ እዛው ፈልግበት፣ ከዛ ሴቲንግስ ውስጥ ሰርች ኢንጅን ስትገባ በቅርብ የጎበኘሃቸው ከሚለው ስር ልታገኘው ትችላለህ። ስልክ ላይ በእጅ ማስገባት የሚያስችለው ፋየርፎክስ ነው። አይፎን ያለው ሰው ሴቲንግስ ውስጥ ሳፋሪን ፈልጎ ሰርች ኢንጅን የሚለውን ይንካ፣ ከተሰጡት ይመርጣል፣ የራሱን አይጨምርም።

ማን መረጠልኝ ላልከው፣ ውል ነው የመረጠልህ። ጎግል ዲፎልት ለመሆን ለስልክ ሰሪዎችና ለብሮውዘር ሰሪዎች ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ መንግስት ጎግልን በ2020 ከሶ ጉዳዩ ሲታይ የወጣው ቁጥር እንደሚያሳየው በ2021 ብቻ ለዚህ የከፈለው 26.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ፋየርፎክስን የሚሰራው ሞዚላም አብዛኛው ገቢው ከዚሁ ከጎግል ክፍያ ነው። በኦገስት 2024 ዳኛው አሚት ሜታ ጎግል በፍለጋው ገበያ ላይ ያለውን የበላይነት ከህግ ውጪ አስጠብቋል ብለው ወሰኑ፣ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ሌላውን የሚዘጋ ውል እንዳይዋዋል ከለከሉት፣ መክፈሉን ግን አልከለከሉም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከማርች 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ህግ ሰው አዲስ አንድሮይድ ስልክ መጀመሪያ ሲከፍት የትኛውን ሰርች ኢንጅን ትፈልጋለህ ተብሎ ከዝርዝር ይመርጣል። ይሄን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ዲፎልቱን ስለማይቀይር ነው፣ ያንተ ጥያቄ ደስ ያለኝ ለዛ ነው። ጎግልን መርጠህ ብትመለስ እንኳን ምንም አይደለም፣ እኔም በአማርኛ ስፈልግ ጎግል ይሻለኛል፣ ዋናው አውቀህ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከአለም ከተማ ነኝ። ስልኬን እህትና ወንድሞቼም ይጠቀሙበታል። ስለ አንድ የጤና ጉዳይ ሰርች አርጌ ነበር፣ ከዛ ወንድሜ የሆነ ነገር ሊጽፍ ሲጀምር የኔ ፍለጋ ከስር መጣ፣ አፈርኩ። ዳክዳክጎ ብጠቀም ይቀራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጤናሽ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም፣ ግን የግልሽ ነው፣ የግልሽ ሆኖ የመቅረት መብት አለው።

ሰርች ኢንጅን መቀየር ብቻውን ይሄን አያስቀረውም፣ ምክንያቱም ወንድምሽ ያየው እዛው ስልክሽ ላይ ያለውን ሂስትሪ ወይም ጎግል አካውንትሽ ላይ የተቀመጠውን ነው። ክሮም ውስጥ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሂስትሪ ገብተሽ ያንን አጥፊ። አካውንቱ ላይ ያለው ለብቻው ነው፣ ጎግል አካውንትሽ ውስጥ ማይ አክቲቪቲ የሚባል አለ፣ እዛ ገብተሽ ማጥፋት ትችያለሽ፣ ከ3 ወር በላይ የቆየውን ራሱ እንዲያጠፋም ማዘዝ ይቻላል። ለወደፊቱ እንደዚህ ያለ ነገር ስትፈልጊ ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ኢንኮግኒቶ የሚለውን፣ ሂስትሪ የማይዘውን መስኮት ክፈቺ፣ ስትጨርሺ ታቡን ዝጊው፣ ስልኩ ላይ አይቀርም። ኢንኮግኒቶ ግን ከቤተሰብ ነው የሚደብቅሽ እንጂ ከኔትወርክ አቅራቢውም ከምትከፍቻቸው ድረ ገጾችም አይደብቅሽም፣ ይሄን ሰው አሳስቶ ስለሚያወራው ነው የምነግርሽ።

ዳክዳክጎ የሚጠቅምሽ በሌላ በኩል ነው፣ የፈለግሽውን በስምሽ አያጠራቅምም፣ ትናንት ስለ ህመም ፈለግሽ ብሎ ዛሬ የመድሃኒት ማስታወቂያ አያስከትልብሽም። ኢንኮግኒቶና ዳክዳክጎን አንድ ላይ ብታረጊ ጥሩ ነው።

ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። አድሬስ ባሩ ላይ ገና እየጻፍሽ ኢንተር ሳትይ ከስር ሀሳብ ይሰጥሻል አይደል፣ ያንን የሚሰጥሽ የምትጽፊው ወደ ሰርች ኢንጅኑ እየተላከ ስለሆነ ነው። ፓስወርድ ኮፒ አርገሽ በስህተት እዛ ላይ ፔስት ብታረጊው ሊሄድ ይችላል። ማጥፋት ትችያለሽ፣ ክሮም ላይ ጎግል ሰርቪስስ ውስጥ ኢምፕሩቭ ሰርች ሰጀስሽንስ የሚለውን፣ ፋየርፎክስ ላይ ሰርች ውስጥ ሾው ሰርች ሰጀስሽንስ የሚለውን አጥፊው። ትንሽም ቢሆን ዳታ ይቆጥብልሻል።

ጥያቄ፦ አንኮበር ነው ያለሁት፣ ለቱሪስቶች አስጎብኚ ነኝ። ስለ አካባቢያችን ታሪክ በአማርኛ ስፈልግ አንዳንዴ ምንም አይመጣም፣ ጓደኛዬ ግን በራሱ ስልክ ያንኑ ሲፈልግ ያገኛል። ለአማርኛ የሚሻለው ሰርች ኢንጅን የቱ ነው?

መልስ፦ ለአማርኛ እስካሁን ጎግል ይሻላል፣ ዳክዳክጎ አብዛኛውን ውጤት ከቢንግ ነው የሚያመጣው፣ ሁለቱም ለአማርኛ ቀጠን ይላሉ። ያንተና የጓደኛህ ልዩነት ግን ከሰርች ኢንጅኑ ሳይሆን ከፊደሉ ሊሆን ይችላል። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብንል አንድ ነው የምንሰማው፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዛው፣ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን የተለያየ ፊደል አርጎ ነው የሚያየው። ሰርች ኢንጅኖቹ ይሄን ሁሌ አያስታርቁትም። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሀን፣ ደብረብርሃን ብለህ ሦስቱንም ለየብቻ ፈልግና እይ፣ የሚመጣው ውጤት ተመሳሳይ አይሆንም። አንኮበርንም አንዳንድ ሰው አንኮቦር፣ የድሮ ጽሑፍ ደግሞ አንኰበር ብሎ ይጽፈዋል። ሣህለ ሥላሴን ስትፈልግማ በሁለቱም ቃል ውስጥ የሚለዋወጥ ፊደል አለ፣ ሳህለ ስላሴ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ሳሕለ ሥላሴ እያልክ እየቀያየርክ መሞከር ነው።

ስሙ ሁለት ቃል ከሆነ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባው፣ እንደዛ ስታረገው ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ያሉበትን ነው የሚያመጣልህ። ብዙ ውጤት ሲመጣብህ ይሄን ተጠቀም፣ ጭራሽ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ግን ጥቅሱን አውጣና ፊደሉን ቀይር። ለታሪክ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደልም ሞክር፣ በ1840ዎቹ ወደ ሸዋ የመጡ የውጭ ሰዎች አንኮበርን በየራሳቸው አጻጻፍ ነው የጻፉት፣ ከመጨረሻዋ አር በፊት ኢ (Ankober) ሆኖም ኤ (Ankobar) ሆኖም ታገኘዋለህ፣ ሁለቱንም ፈልግ።